የአባ ኩመራ ምራቅ

ለኩላሊታቸው ሲሉ ውሃ የከለከሏቸው የሆስፒታሉ ሰዎች ዛሬ ምራቅ ጠየቋቸው። አባ ኩመራ ኩላሊታቸውን የሚታጠቡበት አልጋ ላይ ተቀምጠው ደረቅ ምላሳቸውን አፋቸው ውስጥ አዟዟሩ። ኮሌራ ወደገባበት አገራቸው ሰቃ፣ ወደ ቤታቸው፣ የሚለቋቸው የጠጡት ክትባት መሥራቱ በምራቃቸው ከታየ ብቻ ነበር።

«ናሙና የምንወስድበት መጨረሻ ቀን ዛሬ ነው፣ አባ፤ ትንሽ ይበቃኛል» አለች የሕክምና ተማሪዋ የናሙና ብልቃጧን ይዛ።

«ከደረቀ ጉድጓድ ልትቀጂ መጣሽ?»

ከብዙ ቆይታ በኋላ ምራቃቸው ተጠራቀመ፤ በእጃቸው ጠሯት። ልጅቱ ብልቃጧን አገጫቸው ሥር ልትይዝ ጎንበስ አለች። የጎነበሰ ራስ ፊታቸው ሲመጣ ግን፣ ዕድሜ ልኩን ሲመርቅ የኖረ እጃቸው ሳያስቡት ተነሣ።

«እደጊ፣ ውለጂ፣ ከብረሽ ኑሪ!» ብለው ፀጉሯ ላይ እንትፍ አሉባት።

«አሜን» አለች ከልማድ። ሁለቱም ባዶውን ብልቃጥ አዩ። ከዚያ ቅጹ ላይ «ናሙና አልተገኘም» ብላ ጻፈች።