የቅዳሜው ኳኳታ

ፎቶ አንሺው አየልኝ አሮጌ መኪናውን በየቅዳሜው ከኮምቦልቻ ዳር ወዳለው የትርንጎ ጋራዥ ይነዳል። ሞተሩ ኳ ኳ ይላል። ትርንጎ ኮፈኑን ከፍታ፣ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ያኔ አየልኝ እንዳሻው ያያታል። ከዚያ የሞተሩን ማሰሪያ ቡሎን ታጠብቅና «ይሞክሯት እስቲ» ትለዋለች። ድምፁ ይጠፋል። እሱም ሊናገር ያሰበውን ሳይናገር አመስግኖ ይመለሳል።

ቡሎኑን በየቅዳሜው ጠዋት የሚያላላው ራሱ ነበር። እሷን የሚያይበት ሌላ ሰበብ አላገኘም።

አንድ ቅዳሜ ግን ፎቶ ሊነሱ ማልደው የመጡ ሙሽሮች አስረፈዱትና መፍቻውን ሳይነካ ወጣ። ያለ ሰበብም ቢሆን ላለመቅረት ወስኖ፣ ምን ብሎ እንደሚገባ እየተጨነቀ ሲነዳ፣ ድልድዩ ላይ ሞተሩ በራሱ ጊዜ ኳ ኳ ማለት ጀመረ። ደስታና ድንጋጤ ባንድ ላይ መጡበት። ጋራዡ እንደደረሰ ዘሎ ወረደ።

«ትርንጎ፣ ዛሬስ የእውነቷን ተበላሸች» አላት።

ምን እንዳለ የገባው ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። ትርንጎ ካቻቢቴውን አላነሳችም፤ ኮፈኑንም አልከፈተችም። እጇን በጨርቅ እየጠረገች ሳቋን ለመዋጥ ታገለች።

«አልተበላሸችም» አለችው። «ባለፈው ቅዳሜ ቡሎኑን እስከ ዛሬ ብቻ እንዲይዝ አድርጌ ነው ያሰርኩልህ።»