ከቁርቁራው ሥር

ሐሰን ብረት የሚጠቁመውን መሣሪያ ከገዛ ወዲህ የአባቱ እርሻ ሰላም አጣ። ከየመን ድንበር ወዲህ ባለችው ሳብያ ገበያ ላይ አንድ ሰው የቱርክ ዘመን ሳንቲም ሸጦ መኪና ገዛ ሲባል ሰምቷል። ስለዚህ በየማለዳው እሱ መሣሪያውን እያወዛወዘ ይሄዳል፤ ሐበሻው የእርሻ ሠራተኛ ሱሩር አካፋ ተሸክሞ ይከተለዋል። መሣሪያው በጮኸበት ሁሉ መቆፈር የሱሩር ዕጣ ነው። እስካሁን የተገኘው የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የትራክተር ብሎንና አንዲት የዛገች ሳንቲም ብቻ ነው።

"ከቁርቁራው ዛፍ ሥር አልሞከርንም" አለ ሐሰን አንድ ማክሰኞ።

ልብስ ታሰጣ የነበረችው የሱሩር ሚስት ዚነት ዘወር አለች።

"እዚያ ምንም የለም፣ ወላሂ! ሥሩን ትቆርጡና ዛፉ ይደርቃል።"

ሐሰን ሳቀ፤ ሳቁ ግን አላማረም። ዚነት በዚያ ዛፍ ሥር ፍየል እንዲታሰር አትፈቅድም። ሥራ ስትጨርስ የምትቀመጠውም እዚያው ነው። የሐሰን እናት የወርቅ አምባር ደግሞ አምና ጠፍቷል፤ ቤቱን የምታጸዳው እሷ ነበረች።

"ጁሙዓ እንቆፍራለን" አለው ሱሩርን ለብቻው ጠርቶ። "አምባሩ ከተገኘ ኸላስ፣ ሹርጣ ጠርቼ አሳስራታለሁ።"

ሱሩር ክው አለ። ዚነት ከታሰረች ልጁን አጣው ማለት ነው። አሕመዲን የተወለደው አምና፣ ሱሩር ራሱ ወረቀት የለህም ተብሎ እስር ቤት ሳለ ነው። የሐሰን አባት በግቢዬ ሕፃን አልፈልግም ስላለ፣ ከተራራው ማዶ ላለች የመናዊት በአደራ ሰጠሁት አለችው ዚነት። ከዚያ የድንበሩ ጦርነት መንገዱን ዘጋው። የሴትየዋን ቤት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሱሩር ልጁን አንድ ቀን እንኳ ሳያየው በናፍቆቱ አለቀ።

በዚያው ቀን ከማዶ መድፍ ሲያጓራ ወደ ተራራው አፈጠጠ።

"ያረብ፣ ልጄን አደራ! መቼ ነው የምናመጣው?"

"መንገዱ ሲከፈት" አለች ዚነት። ወደ ተራራው ግን አላየችም።

"ዚነት፣ ከዛፉ ሥር የደበቅሽው ነገር ካለ ንገሪኝ። ሰውየው ሊያሳስርሽ ነው።"

"በአላህ አትጠይቀኝ" ብላ እያለቀሰች ገባች።

ሱሩር ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም። ተናደደባት፤ አሳልፎ ግን አይሰጣትም። ወርቁን ቀድሞ አውጥቶ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ሊጥለው ቆረጠ።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ቤተሰቡ ሲተኛ፣ ዚነትም ሰሃን ስታጥብ፣ መሣሪያውን ይዞ ከቁርቁራው ሥር ገባ። መሣሪያው ወዲያው ጮኸ። ሰው እንዳይሰማው አካፋውን ትቶ በእጁ ቆፈረ። አፈሩ የተነካ ስለነበር አላስቸገረውም። ጉድጓዱ ጉልበት ሳይደርስ ጣቶቹ ብረት ነኩ።

በአገሩ አራስ ቤት ከሕፃን ራስጌ የሚደረገው ዓይነት ትንሽ ቢላዋ ነበር፤ ከአጠገቡም በዚነት ሻሽ የተጠቀለለ፣ ከክንድ የማይረዝም ጥቅል።