ሚካኤል ደጃፍ ላይ

ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት የታክሲው ሾፌር ፍሬኑን እስከ ጥግ ረገጠው። መኪናው አስፋልት መሀል ቆሞ የሚሳለም ሰውዬ ጉልበት ጋ ሊደርስ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

«አንተ ደንባራ!» ብሎ በመስኮት ጮኸበት። «ሚካኤልን የምትሳለመው አስፋልት መሀል ቆመህ ነው? መጽደቅ ካማረህ ግቢው ውስጥ ገብተህ ስገድ!»

ሰውዬው ማማተቡን ሳይጨርስ ሮጦ ተሻገረ።

ሾፌሩ ማርሽ አስገብቶም አላባራም። «አንገቱን ደፍቶ መኪና መንገድ ውስጥ ይገባል! እንዲህ ያለው ነው ሾፌርን ዘብጥያ የሚያወርደው። ጸሎትም እኮ ቦታ አለው!»

ከጎኑ የተቀመጡት እናት ገና ደረታቸውን እንደያዙ ናቸው። «ልጄ፣ እኔ ባልጮህ ደፍጥጠኸው ነበር። ጭራሽ አላየኸውም እንዴ?»

«በምን ዓይኔ ልየው፣ ማዘር?» አለ ሾፌሩ ተቆጥቶ። «እኔም እኮ አጎንብሼ እየተሳለምኩ ነበር!»