የረስል ሸክላ

ፓስተር ክላይድ የሙዚቃ ማጫወቻውን ሞተር አጥፍቶ ሸክላውን በጣቱ ወደ ኋላ ያዞራል። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የተሰበሰቡት ወላጆች የድንች ሰላጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳስቀመጡ ጆሯቸውን ቀስረዋል። ዊልማ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ ተቀምጣለች። ቀጣይዋ ተረኛ እሷ ናት።

ወላጆቹ የልጆቻቸውን የሮክ ሸክላዎች ያመጡት፣ ወደ ኋላ ሲዞሩ የሰይጣን ቃል ይሰማባቸዋል ስለተባለ ነው። ሥርዓቱም እንዲህ ነው። ፓስተሩ ሸክላው ውስጥ ተደብቋል የሚለውን ቃል መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ወደ ኋላ ያዞራል። ያመጣው ሰው ተነስቶ «ሰማሁ» ሲል ሸክላው ውጭ ጠጠሩ ላይ ወደሚነደው በርሜል ይወሰዳል። ሰሌዳው ባዶ ሳለ የሚሰማው ጅራቷ በር ላይ የተቀረቀረባት ድመት ጩኸት ነው፤ ከተጻፈ በኋላ ግን ድመቷ ጥርት አድርጋ ሰይጣንን ታወድሳለች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ፤ እስካሁን «አልሰማሁም» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም።

«አይዞሽ፣ ስጪውና ይገላግልሽ» ትላታለች ጎረቤቷ ኖሪን በሹክሹክታ። «የእኔው ጉድ ሸክላዎቹ በተቃጠሉ በሳምንቱ አይደል እንዴ ሻንጣውን ተሸክሞ ከች ያለው!»

«የአንቺ ልጅ እኮ አክስቱ ቤት ነበር፣ ኖሪን።»

«ቢሆንስ? መጣ አይደል?»

ዊልማን እዚህ ያመጣት ይኸው ተስፋ ነው። ልጇ ረስል ከቤት ከወጣ አራት ዓመቱ። ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ። አንዱ ቺካጎ አየሁት ይላታል፣ ሌላው ካሊፎርኒያ፤ እሷ በሕይወት መኖሩን እንኳ አታውቅም። ልጇን የሚመልስላት ከሆነ እንኳን ሸክላ፣ ቤቷንም በርሜሉ ውስጥ ትጨምራለች።

ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ሸክላ ዘፍኖ ያሳተመው ረስል ራሱ ነው፤ በጋውን ሙሉ የሰው ሣር ሲያጭድ ከርሞ፣ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር። ሸክላው ከፋብሪካ የመጣ ዕለት ረስል በሩን እንኳ ሳይዘጋ ኩሽና ድረስ ሮጦ ገባ። «እማ፣ አንዴ ብቻ ስሚው» አላት። «እዚህ ቤት ውስጥ አይሆንም» አለችው፤ እጇን ከሳህኑ እጥበት አላነሳችም። በማግስቱ አልጋው ባዶ ነበር፤ ትራሱ ላይ አንድ ሸክላ ብቻ ትቶላት ሄዷል።

«እህት ዊልማ፣ ይምጡ» ይላል ፓስተሩ። ገና ወጣት ነው፤ ክፋት የለበትም። ሸክላውን ተቀብሎ ስሙን ያነባል፤ ከዚህ በፊት ሰምቶት አያውቅም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ከመጻፉ በፊት ጆሮውን አስጠግቶ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ያዞረዋል። ከዚያ ጠመኔውን አንስቶ ይጽፋል፦ እናቴን ለጨለማው ሰጠሁ።

«ኢየሱስ!» ትላለች አንዷ። ኖሪን አፏን በእጇ ትይዛለች።

«አሁን ያዳምጡ» ይላትና እንደገና ያዞራል። ቤቱ ሙሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሁሉም ሰምቷል።

ዊልማም ታዳምጣለች። እናት የሚል ቃል የለም፤ ጨለማ የሚልም የለም። በየስንኙ ጫፍ ላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ አጭር ትንፋሽ። ረስል ሊዘፍን ሲል የሳበው አየር ነው፤ ሸክላው ወደ ኋላ ሲዞር ከስንኙ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው የመጣ። በሕፃንነቱ አስም ነበረበት፤ ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጥፋ ነው ያሳደገችው። ያንን ትንፋሽ ከሺህ ሰው ትንፋሽ መሀል ትለየዋለች።

«ሰሙ አይደል፣ እህት ዊልማ?»

«አልሰማሁም።»

«ሰሌዳው ላይ ተጽፎላት!» ይላል አንድ ሰውዬ ከኋላ።

«ማንበብማ እችላለሁ» ትለዋለች ሳትዞር። «ፓስተር፣ እባክዎ በደህናው በኩል፣ ወደ ፊት ያጫውቱልኝ።»

«ምን ይጠቅመናል? በደህናው በኩልማ ሲሰሙት ኖረዋል።»

«አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።»

ኖሪን ብድግ ትላለች። «ዊልማ! ልጅሽ እንዲመለስ አትፈልጊም እንዴ?»

«እፈልጋለሁ፣ ኖሪን። ቀን የለ ሌሊት የለ፣ እሱን ብቻ ነው የምፈልገው» ትላትና ማብሪያውን ራሷ ትጫነዋለች።

ከበሮው ይጣደፋል፤ ጊታሩ በቅጡ አልተቃኘም። ከዚያ ረስል ይመጣል። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ትንሽ ፈርቷል፣ ዜማውን አንዳንዴ ይስተዋል። የሚዘፍነው ነዳጅ ማደያ ስለምትሠራ አንዲት ልጅ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜም ቀና ብላ ስላላየችው። ከዚህ ሌላ ምንም የለበትም። ይህንን ነበር አልሰማም ያለችው። እንባዋ አገጯ ላይ ሲደርስ እንኳ አልጠረገችውም።

ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አለቀና መርፌው የሸክላው ባዶ ቦታ ላይ ይንሿሿ ጀመር።

«አሁንስ ምን እናድርግ፣ እህት ዊልማ?» ይላታል ፓስተሩ በቀስታ፤ እጁን ወደ ሸክላው ዘርግቷል።

ዊልማ መርፌውን አንስታ መጀመሪያው ላይ ታስቀምጣለች፤ በዚህኛው ዙር ዐይኗን ጨፍናለች። የሚዘፍነው ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የትም ይሁን የት፣ ዛሬ ሃያ ሦስት ሞልቶታል። ድምፁም ወፍሮ ይሆናል። አንድ ቀን ደውሎ «እማ» ቢላት እንኳ፣ «ማን ልበል?» ትለው ይሆናል።