ሽቦ የሌለው ሣጥን

ሂዳያ በሩ ላይ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ትላለች። «ተይው እህቴ፣ እዚህ ጫማ አይወለቅም» እላታለሁ። ለቅሶ ቤት መስሏት ነው። ሰውስ ሞቶበታል፤ ግን ቤት ሳይሆን አረብ አገር፣ ሩሰይል የሚባል የፋብሪካ ሰፈር ያለ የኤሌክትሪክ ወርክሾፕ ነው፣ እግርን ከመሬት የሚለየው የጎማ ጫማ ደግሞ እዚህ ከሰላምታ ይቀድማል።

ወንድሟ ከቢር ከሞተ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የምትሠራበት መዲናት ሱልጣን ቃቡስ ሰፈር ያለው ቪላ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። ዛሬም ማዳሟ የሰጠቻት አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ሾፌሩ ውጭ ሞተሩን እንኳን ሳያጠፋ ይጠብቃታል። የቀትር እረፍት ላይ ስለሆንን ሌሎቹ ውስጥ ገብተው ተኝተዋል። ግቢው ውስጥ ጥላ ያለው ምሰሶ ላይ የተወጠረው ሸራ ሥር ብቻ ነው፣ እዚያ የፕላስቲክ ሣጥን ገልብጬ አስቀምጣታለሁ፣ እኔም በሌላው ላይ እቀመጣለሁ። ቀና ብዬ ሸራውን ላለማየት እጠነቀቃለሁ።

ከቦርሳዋ ከድርጅታችን የተላከላትን የታጠፈ ወረቀት ታወጣለች። አረብኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም፤ ሾፌሩ ነው ያነበበላት። ሠራተኛው ሳያረጋግጥ በመንካቱ በራሱ ጥፋት ሞተ ይላል። ሙት ወቃሽ አያድርገን የሚባለውን ወረቀቱን የጻፈው አለቃችን ወሊድ የት ሰምቶት።

«ከቢር ዝርክርክ አልነበረም» ትለኛለች። አምፖል ሲቀይር እንኳን ቆጣሪውን ሁለት ጊዜ ሄዶ የሚያይ ሰው ነበር። እናታቸው አገር ቤት፣ ሐርቡ ተቀምጣ ልጄ በምን ሞተ ብላ በየቀኑ ትደውላለች፣ እሷም ኔትወርክ ማፊ፣ የለም እያለች ስልኩን ትዘጋለች። በራሱ ጥፋት የሚለውን ቃል ከአፏ ማውጣት አልቻለችም።

«ኤሌክትሪክ ነው አሉኝ። እዚህ ግን መስመር የለም። ፊሹ ሶኬት ላይ ያልተሰካ ነገር እንዴት ሰው ይገድላል?»

ይህን ማስረዳት እችላለሁ፤ ያስተማረኝ ከቢር ነው። ግድግዳው ሥር ከተደረደሩት፣ ኤሌክትሪክ አጠራቅመው ከሚይዙት ካፓሲተሮች አንዱን አሳያታለሁ፦ ጉልበት የሚደርስ ግራጫ የብረት ሣጥን ነው፣ አናቱ ላይ ሁለት የሸክላ ቀንዶች አሉት። ውስጡ ማድቤት ምግብ እንደምትሸፍንበት ዓይነት ስስ አሉሚኒየም ተጠቅልሏል፣ በአሉሚኒየሙ መሀል ደግሞ ዘይት የጠጣ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ የገባውም ለዚሁ ነው። አያሳልፍም ማለት ግን አይነካውም ማለት አይደለም። ልንፈትሸው ስንሞላው ወረቀቱ ውስጥ ለውስጥ ይወጠራል። ከዚያ በዘንግ ቀንዶቹን አገናኝተን እናራግፈዋለን፣ እንደ ጥይት ይጮሃል፣ ኻላስ፣ አለቀ እንላለን። የተራገፈው ግን አሉሚኒየሙ ብቻ ነው። ወረቀቱ የያዘውን የሚመልሰው ቀስ እያለ ነው፤ ማቢላ የምናድርበት ክፍል ግድግዳ ፀሐይ ከገባች በኋላ ሙቀቱን እንደሚተፋው። የሚመልሰው ቀንዶቹ ላይ ይጠራቀማል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰው ለመግደል ይበቃል።

«ለዚህ ነው ሁለቱን ቀንዶች በመዳብ ሽቦ አገናኝተን የምናስራቸው» እላታለሁ። «ሽቦው ካለ የሚጠራቀም ነገር የለም።»

ወረቀቷን ጭኗ ላይ እያለሰለሰች ታስባለች። ከዚያ የተደረደሩትን ትቆጥርና ከፊሎቹ ለምን ሽቦ እንደሌላቸው ትጠይቀኛለች። እነሱ ገና ያልተፈተሹት ናቸው፣ ኤሌክትሪክ ቀምሰው አያውቁም፤ የወርክሾፓችን ምልክት ይኸው ነው። ሽቦ ያለውን ማንም አይነካም፣ ሽቦ የሌለውን ሁላችንም በባዶ እጃችን ቀንዶቹን ይዘን እናነሳለን።

«እንግዲያው ከቢር አረጋግጧል» ትላለች።

«አረጋግጧል። ሽቦ እንደሌለው አይቶ ነው ያነሳው።»

«ሽቦውን የፈታ ሰው አለ ማለት ነው።»

ቀና ብዬ ሸራውን አያለሁ። ወሊድ ሁላችንንም አሰልፎ ይህንኑ ሲጠይቀን ዝም ብያለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ግን በዘጠኝ ቀኑ ነቅዟል። ያን ቀን የሸራው ገመድ ተበጥሶ ነበር። ፀሐይዋ አናት ታዞራለች፣ ሌላ የሚያስር ነገር አጠገቤ አልነበረም። ከእረፍቱ በፊት የፈተሽነውን አንዱን ካፓሲተር ሁለት ጊዜ አራግፌዋለሁ፣ ሁለተኛው ላይ ብልጭታ እንኳን አልነበረውም፤ ሽቦውን ፈትቼ ሸራውን አሰርኩበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ብቻ፣ ከዚያ እመልሰዋለሁ አልኩ። ከቢር ለጥላው አላህ ይስጥህ ብሎኝ እሱው ሥር ጋደም አለ። ሲነሳ እኔ ተኝቼ ነበር። የቀሰቀሰኝ አወዳደቁ ነው።

ሾፌሩ ጡሩንባውን ይነፋል። ሂዳያ አትነሳም።

«ለእናቴ ማን ብዬ ልንገራት?»

የተቀመጥኩበትን የፕላስቲክ ሣጥን እስበውና እቆምበታለሁ። ሽቦው ምሰሶው ጫፍ ላይ አራት ዙር ተጠምጥሟል፤ የራሴ ቋጠሮ ነው፣ ዙር በዙር እፈታዋለሁ። ሲፈታ ሸራው በአንድ ጎኑ ይወርዳል፣ ፀሐይዋም ሁለታችን ላይ ታርፋለች።

ወርጄ ሽቦውን መዳፏ ላይ አኖረዋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ሲግል የዋለ መዳብ ስለሆነ ያቃጥላታል፤ ፊቷ ላይ አየዋለሁ። እሷ ግን ጣቶቿን ትጨብጥበታለች።