«ደህና ነኝ» ያለው ቦይለር

ወይዘሮ እማዋይሽ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጋዝ ቦይለር ሲፈቱ፣ ጥቀርሻ ሲጠርጉና መልሰው ሲገጥሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ለዓመታዊ ምርመራ የመጣው ጎረምሳ ነጭ ጓንት አጥልቆ የቦይለራቸውን ክዳን ከላይ ከላይ ሲወለውል አይተው ከንፈራቸውን አጣመሙ።

«መፍቻህ የታል፣ ልጄ?»

«መፍቻ ድሮ ቀረ፣ እማማ። ክዳን መክፈት በሕግ ተከልክሏል። ቦይለሩ ራሱ ይናገራል፤ እኛ ቃሉን እንመዘግባለን።» ከዚያ ለቦይለሩ እጅ ነሳና «እንደምን ከረሙ?» አለው።

«ደህና ነኝ፤ አንዳች እንከን የለብኝም» አለ ቦይለሩ።

«ውሸታም!» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ። «በቀዳዳው እየው፣ ሰማያዊ መሆን የሚገባው እሳት ቢጫ ሆኗል። መጋረጃዬን በየሳምንቱ ባጥበው ጥቀርሻው አልለቅ አለኝ። ባለቤቴ ራሳቸውን እያመማቸው በዚህ ብርድ በረንዳ ላይ መተኛት ከጀመሩ ወር ሞላቸው።»

«እሳቸውን ሐኪም ይያቸው። እኔ የመጣሁት ለቦይለሩ ነው።»

ሥራዬን የተረከበኝ ይሄ ነው እንግዲህ፣ አሉ በሆዳቸው። መርዘኛው ጋዝ እንዲወጣ መስኮት ክፈት ቢሉት «ቦይለሩን ይበርደዋል» አላቸው። ትተውት በረንዳ ወጡ።

ጎረምሳው በሩን ዘግቶ ለቦይለሩ አርባ ጥያቄ አቀረበለት፤ አርባውንም ደህና ነኝ አለው። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ግድግዳ እየተደገፈ ወጣ።

«እማማ፣ ራሴን አዞረኝ… አቅለሸለሸኝ።»

ብብቱን ይዘው ወደ በረንዳው ጎተቱትና ከባለቤታቸው ፍራሽ ጫፍ ላይ አስቀመጡት።

«አይዞህ» አሉት። «ተመለስና ቦይለሩን ጠይቀው፤ ደህና ነህ ይልሃል።»