የሰፈሩ ዐይን

ዋይሱን በየምሽቱ የጓንግዡን ወንዝ በዋና ይሻገር ነበር፤ ዘይት በተንሳፈፈበት ውሃ፣ በጭነት መርከቦቹ መሀል። ለጠየቀው ሁሉ «ለጤናዬ ነው» ይላል። ሰፈሩ ግን ሞኝ አልነበረም። ሩዝ በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ዘመን ዋና የሚያጠብቅ ወጣት ልቡ ባሕሩን በዋና አቋርጦ ወደ ሆንግ ኮንግ ለመኮብለል እንደሸፈተ ማን ያጣዋል?

እንዲንሳፈፍበት የኳስ ፊኛ ከወገቡ ቀበቶ ጋር የሰፋችለት እህቱ ሊንቺ ነች።

«ሻርኩስ?» አለችው።

«ሻርክ ሥጋ ያለውን ይፈልጋል። እኔን ምኔን ብሎ!»

ከታች ሰፈር ሦስት ልጆች እዚያ ባሕር ገብተው እንደወጡ ቀርተዋል። እናታቸው ጥግ ላይ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፤ አልሳቀችም።

በሚሄድበት ቀን እናታቸው ዘንቢሏን ይዛ ገና ሳይነጋ ገበያ ወጣች። ሊንቺ እናቷ ደረጃው ላይ ከእትዬ ሞክ ጋር ስትንሾካሾክ ሰማች። እትዬ ሞክ የሰፈሩ ኃላፊ ናቸው፤ የገባ የወጣውን ይመዘግባሉ።

ዋይሱን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሊሳፈር አውቶቡስ ተራ እንደደረሰ ሚሊሻዎች በስሙ ጠርተው ያዙት። ድንጋይ ወደሚፈለጥበት እስር ቤት ላኩት። በስምንተኛው ወር ቋጥኝ ተናደበት። ለቤተሰቡ የደረሰው ሸሚዙ ብቻ ነው።

ሊንቺ ጠቋሚውን ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም። እትዬ ሞክ እናቷን አወጣጥተው፣ ምስጢሩን ሰምተው፣ አሳልፈው ሰጡት። በቃ።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የእግዜር ሰላምታ ነፈገቻቸው። በራቸው ላይ ትተፋለች።

«አንቺ እባብ! የወንድሜ ደም እንዴት ጣፈጠሽ?»

እትዬ ሞክ አንድም ቀን መልስ ሰጥተው አያውቁም። እናቷ ግን ምራቁን በጨርቅ ትጠርጋለች። በየበዓሉም ሳህን ሸፍና ትልክላቸዋለች።

«ፈርተሻቸው ነው» ትላታለች ሊንቺ።

«አዎ፣ ልጄ።»

እትዬ ሞክ በክረምቱ ሞቱ። የሚያለቅስላቸው ዘመድ አልነበራቸውም። እናቷ ነጭ የሐዘን ልብስ ለብሳ ሬሳው እግር ሥር ተደፋች፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች። ሊንቺ አላስቻላትም።

«ለዋይሱን እንኳ እንዲህ አላለቀስሽም! ልጅሽን ላስበላች ሴት ነው ደረት የምትመቺው?»

እናቷ ቀና አለች።

«ያን ዕለት ንጋት፣ ባሕር እንዳይበላብኝ ብዬ ለሚሊሻዎቹ ልናገር ስወጣ፣ ‹ተይው፣ ይሂድ› ብላ እግሬ ላይ የወደቀችው እሷ ናት።»